በሩ እስኪከፈት፦ የጨረር መጠለያ ኑሮ አእምሮን እንዴት ይፈትናል?

ስለ ኒውክሌር መጠለያ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ግድግዳው ነው። ኮንክሪቱ ምን ያህል ይወፍራል? በሩ ብረት ነው? ምግቡስ ለስንት ቀን ይበቃል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ግን ግድግዳው ሥራውን በትክክል ሠራ እንበል። ጨረሩ ውጭ ቀረ። ውስጥ ማን ቀረ? ሰው ነዋ! የሚያኮርፍ፣ የሚያንኮራፋ፣ የሚሰለቸው፣ የሚናፍቀው፣ ሌሊት ሽንቱ የሚመጣበት ሰው።

የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው። (ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ለምን ሁለት ሳምንት?

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራ። የኒውክሌር ቦምብ መሬት አጠገብ ሲፈነዳ አፈሩንና ፍርስራሹን ወደ ላይ ይስባል። አፈሩ ጨረር ከሚያመነጩ ቅንጣቶች ጋር ይለወሳል። ከዚያ ነፋስ ወዳደረሰው ቦታ እንደ አመድ እየረገፈ ይወርዳል። ከፍንዳታው ራቅ ብሎ ያለ ሰው መጠለያ የሚገባው ከእሳቱ ለማምለጥ ሳይሆን ከዚህ አቧራ ለመሸሽ ነው።

ደግነቱ ጨረሩ ቶሎ ይደክማል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀለል ያለ ስሌት አለ። ጊዜው በሰባት ሲባዛ የጨረሩ ኃይል በግምት ለአሥር ይካፈላል። ፍንዳታው ከደረሰ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ጨረር 100 ብንለው፣ በ7ኛው ሰዓት 10 ይሆናል። በ49ኛው ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ቀን ሲያልፍ፣ 1 ይሆናል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደግሞ 0.1 ይቀራል። "ሁለት ሳምንት ተዘግቶ መቆየት" የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጨረሩ እጅግ በሚከፋበት በመጀመሪያው ሁለት ቀን መቆየት አይከብድም። ድንጋጤው ራሱ እግር ያስራል። ውጣ ቢባልም የሚወጣ የለም። (ውጭ የቀረ ልጅ ያለው ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ።) መቆየት የሚከብደው በስድስተኛው፣ በስምንተኛው ቀን ነው። ያኔ ድንጋጤው በርዷል። ሙቀቱ፣ ሽታውና የሰው ፊት ግን እዚያው ናቸው። ጨረሩም ትዕግሥትም አብረው እየቀነሱ ይሄዳሉ። ጣጣው ትዕግሥት ትንሽ ቀድሞ ማለቁ ነው።

ሰው እየዘጉ ሞከሩት

በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባለሥልጣናትን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳቸው። መጠለያ ሠርተን ሰው ብናስገባ፣ ውስጥ ያብድብን ይሆን? ስለዚህ ሰው እያስገቡ መሞከር ጀመሩ።

በ1959 ማያሚ ውስጥ አዲስ ተጋቢዎች የጫጉላ ጊዜያቸውን 14 ቀን ከመሬት በታች በሚገኝ ጠባብ መጠለያ አሳለፉ። ይህ እንኳ የመጠለያ ሻጭ ማስታወቂያ ነበር። ደግሞስ ሙሽሮች ምን ማስረጃ ይሆናሉ? በዚያው ዓመት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አባት፣ እናትና ሦስት ልጆችን ለሁለት ሳምንት በአንዲት ክፍል አኖሩ። በ1962 የባሕር ኃይሉ ቤተዝዳ፣ ሜሪላንድ ውስጥ 100 ወንዶችን ለሁለት ሳምንት ዘጋባቸው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሰዎች ደግሞ በ1960ዎቹ ወንድ፣ ሴት፣ ልጅና አዋቂ ቀላቅለው ደጋግመው ሞከሩ።

የተፈራው እብደትና ሁከት አልመጣም። ጥቂቶች አቋርጠው ወጡ። አብዛኛው ሰው ግን እየተነጫነጨም ቢሆን ጨረሰ። ሲጠየቁ የሚያማርሩትም ትልቁን ነገር አልነበረም። ሙቀቱ፣ ላቡ፣ መታጠቢያ ውኃ ማጣቱ፣ ጫጫታው፣ የመኝታው ነገር፣ የሽንት ቤቱ ሽታ።

የዚያን ጊዜውን የአሜሪካ የሕዝብ መጠለያ ደረጃ ስናይ ቅሬታው ይገባናል። ለአንድ ሰው የተመደበው ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ያነሰ ነበር። ውኃው በቀን አንድ ሊትር ገደማ። ምግቡ ደረቅ ብስኩትና ከረሜላ ሲሆን በቀን ወደ 700 ካሎሪ ይሰጣል። ውኃው ያለቀበት በርሜል መቀመጫ ይገጠምለትና ሽንት ቤት ይሆናል። የመድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ፌኖባርቢታል የሚባል ማደንዘዣ መሰል ማረጋጊያ ተቀምጧል። አዘጋጆቹ ምን እንደሚመጣ የጠበቁት ከዚህ ይታወቃል።

አብዛኛው "ጭንቀት" ከገላ ይጀምራል

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው። "የሥነ ልቦና ጫና" ሲባል ሐሳብ ብቻ ይመስለናል። መጠለያ ውስጥ ግን ግማሹ ችግር የአየር ችግር ነው።

ዝም ብሎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ወደ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። 50 ሰው ማለት 5,000 ዋት ነው። በዝግ ክፍል ውስጥ ሌሊትም ቀንም የማይጠፉ የኤሌክትሪክ ምድጃዎች እንደማስቀመጥ ቁጠሩት። በትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ግድግዳው ላይ እንደ ላብ ይንጠባጠባል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ይከማቻል። መጠኑ ሲጨምር ራስ ያማል፣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሰውየው ግን "አየሩ ተበላሸ" አይልም። "ይሄ ሰውዬ ለምን እንዲህ ጮክ ብሎ ያኝካል?" ነው የሚለው። ገላው የታመመበትን ምክንያት አእምሮው ሰው ላይ ይለጥፈዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የሥነ ልቦና ሕክምና አየር ማስገቢያው ነው። በእጅ የሚዞር ከሆነ እንዲያውም እሰየው፤ ለሰው ሥራ ይሰጣል። ተራ ገብቶ ማራገቢያ ያዞረ ሰው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ምንም ማድረግ የማይችል ፍጡር መሆኑን ይረሳል።

ይህ በእውነተኛው ዓለም ሲከፋ ምን እንደሚመስል በመጋቢት 2022 ታይቷል። በዩክሬን ያሂድኔ በምትባል መንደር የሩሲያ ወታደሮች ከ300 በላይ ነዋሪዎችን በትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ለአራት ሳምንት ገደማ አጎሯቸው። መጠለያ ሳይሆን እስር ነበር። ሰዉ ተቀምጦ ነበር የሚተኛው፤ አየሩ ከባድ ነበር። አንዳንድ አረጋውያን ከመሞታቸው በፊት መቃዠት ጀምረው እንደነበር የተረፉት ተናግረዋል። ያንን ደካማ መንፈስ ነው ብሎ መተርጎም ትልቅ በደል ነው። አየር ነው ያጣው ሰው።

እንቅልፍም እንደዚሁ ነው። ቦታ ሲጠብ በፈረቃ ይተኛል። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል። መብራቱ አይጠፋም፣ ሳሉ አያቆምም። ሦስት ሌሊት በቅጡ ያልተኛ ሰው ቀድሞ የሚያልቅበት ነገር ቀልድን የመቀበል አቅም ነው።

የሰውነት ሰዓትም አለ። ፀሐይ ሳያይ የከረመ ሰው ቀኑ ይጠፋበታል። ሚሼል ሲፍር የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1962 በአልፕስ ተራራ ዋሻ ውስጥ ያለ ሰዓት ሁለት ወር ያህል ኖረ። መስከረም 14 ቀን "ጊዜው አልቋል፣ ውጣ" ሲባል አላመነም። በእሱ ቆጠራ ገና ነሐሴ 20 ነበር። 25 ቀን የት እንደገባ አላወቀም።

ለዚህ ነው መጠለያ ውስጥ ሰዓትና የቀን መቁጠሪያ ከብስኩት እኩል የሚያስፈልገው። መብራቱን በሰዓቱ ማደብዘዝ፣ "ጠዋት" የሚባል ነገር መፍጠር፣ ምግቡን በቋሚ ሰዓት ማድረግ። የያሂድኔ ሰዎች ማንም ሳይነግራቸው በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በከሰል ቀኖቹን ይጽፉ ነበር። ከቀኖቹ ጎን ደግሞ የሞቱትን ስም።

ይቺ የኔ ወንበር ናት

በ1960ዎቹ ኧርዊን አልትማንና ዊልያም ሄይቶርን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት የባሕር ኃይል ወጣቶችን ሁለት ሁለት አድርገው ለ10 ቀን በትናንሽ ክፍሎች ዘጉባቸው። ጥንዶቹ ቀድሞ አይተዋወቁም። ቀናት ሲያልፉ እያንዳንዱ ድርሻውን ማጠር ጀመረ። መጀመሪያ አልጋ፣ ቀጥሎ የጠረጴዛው ጎን፣ ከዚያ ወንበር። "ይቺ የኔ ናት" የሚል ሳይኖር ሁለቱም ያውቁታል። ሁለቱም ማዘዝ የሚወዱ ሰዎች የተጣመሩበት ክፍል ደግሞ ጭቅጭቅ አላጣውም።

ከዚያ በኋላ በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት የታየው ይበልጥ ያስደንቃል። በደንብ የጨረሱት ጥንዶች ከመጀመሪያው ድርሻቸውን የተከፋፈሉት ነበሩ። "ኧረ ምን ችግር አለው፣ የፈለግንበት እንቀመጥ" ብለው የጀመሩት ናቸው በኋላ የተቸገሩት። እኛ ቦታ መከፋፈል ስግብግብነት ይመስለናል። በጠባብ ቦታ ግን ድንበር ማበጀት መከባበር ነው። አንድ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ መጋረጃ ቢሆን፣ ከጀርባው ሰው ለአሥር ደቂቃ ብቻውን ማልቀስ ይችላል። ያለ መጋረጃ ማልቀስ ለሁሉም የሚተርፍ ነገር ነው።

ጠቡ ለሁሉም እኩል አይዳረስም። በ2010 እና በ2011 ስድስት ወንዶች ወደ ማርስ የሚደረግ ጉዞ ለመምሰል ሞስኮ ውስጥ 520 ቀን ተዘግተው ኖረዋል። ከተመዘገበው ግጭት 85 በመቶው የበዛ ውጥረትና ድካም የነበረባቸውን ሁለት ሰዎች የሚነካ ነበር። ቀሪዎቹ ሰላም ነበሩ ለማለት ይቻላል። እንግዲህ "ሰው ተዘግቶ ሲኖር እንዲህ ይሆናል" ብሎ በጅምላ መናገር አስቸጋሪ ነው። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ሁሉን ያምሳል። ቀድሞ የሚያምሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ሲገባ ፊቱ ላይ አይታይም። ውጭ ጨዋታ አዋቂ የነበረው ውስጥ ዝም ሊል፣ ዝምተኛው ደግሞ ዋርካ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አለቃ ያስፈልጋል? አዎ። ግን ጮሆ የሚያዝ አይደለም። በ2010 በቺሊ ሳን ሆሴ ማዕድን ማውጫ 33 ሠራተኞች 69 ቀን ከመሬት በታች ተቀበሩ። በመጀመሪያዎቹ 17 ቀናት መኖራቸውን ማንም አያውቅም ነበር። የፈረቃ ኃላፊያቸው ሉዊስ ኡርሱዋ የነበረችውን ጥቂት ቱና በማንኪያ እየሰፈረ በሁለት ቀን አንዴ እንድትታደል አደረገ። ትልልቅ ውሳኔዎች በድምፅ ብልጫ ይወሰኑ ነበር። ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ጸሎት መሪ ሆነ፣ አንዱ ሐኪም። የመኪና መብራት እያበሩና እያጠፉ ቀንና ሌሊት ፈጠሩ። እርስ በርስ አልተጣሉም ማለት አይደለም። ግን ምግቡ እንዴት እንደሚታደል ሁሉም በዓይኑ ያይ ነበር። ጠባብ ቦታ ውስጥ "እሱ ከኔ የበለጠ አገኘ" ከሚል ጥርጣሬ የከፋ መርዝ የለም።

ማስታወክ የምን ምልክት ነው?

እስካሁን ያልኩት በሙሉ ለሰርጓጅ መርከብም፣ ለዋልታ ጣቢያም ይሠራል። የጨረር መጠለያ ግን የራሱ ክፋት አለው። ጠላቱ አይታይም፣ አይሸትም፣ ድምፅ የለውም።

አስቡት። ሦስተኛ ቀን ላይ አንድ ሰው ያስመልሰዋል። ማስመለስ የጨረር ሕመም ቀዳሚ ምልክት ነው። የፍርሃት፣ የሙቀት፣ የሽታ፣ የተበላሸ ምግብም ምልክት ነው። የትኛው ነው? ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ የራሱን ሆድ መቃኘት ይጀምራል። ሆዱን ያዳመጠ ሰው ደግሞ አንድ ነገር መስማቱ አይቀርም።

ይህ ግምት አይደለም። በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ከተጣለ የሕክምና መሣሪያ ውስጥ ሴዚየም የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ወጥቶ ተሰራጨ። ከ110,000 በላይ ሰዎች ለምርመራ ተሰለፉ። ተበክለው የተገኙት 249 ነበሩ። ከተሰለፉት መካከል ግን ቆዳቸው ሽፍ ያለባቸው፣ ያስመለሳቸውና ያስቀመጣቸው ብዙ ያልተበከሉ ሰዎች ነበሩ። አስመሳዮች አልነበሩም። ፍርሃት በገላ ላይ ሲጻፍ እንዲህ ነው።

ስለዚህ መጠለያ ውስጥ የጨረር መለኪያ መሣሪያ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ለሰውነት፣ አንዱ ለመንፈስ። ቁጥሩ በየሰዓቱ ግድግዳ ላይ ሲጻፍና ሲወርድ ሲታይ፣ የማይታየው ጠላት እየደከመ መሆኑ በዓይን ይታያል። መጥፎ ቁጥር እንኳ ከምንም ቁጥር ይሻላል።

ሙከራው ያልደረሰበት ነገር

አሁን ወደ አቆየሁት ነገር ልመለስ። እነዚያ ሁሉ ሙከራዎች አንድ ትልቅ ጉድለት አለባቸው። የገባው ሁሉ በፈቃዱ ነው የገባው። በሩን ቢያንኳኳ ይከፈትለታል። ቤቱ እንዳለ ያውቃል፤ እናቱ ደህና ናት፤ ሁለት ሳምንት ሲያልቅ ጋዜጠኛ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለው ሰው ስላላበደ "መጠለያ ያን ያህል አይከብድም" ማለት አይቻልም። የተለካው የሙቀቱና የሽታው ክብደት ነው። ትልቁ ሸክም ሚዛን ላይ አልወጣም።

ትልቁ ሸክም በሩ ላይ ነው ያለው። ሰው ሲገባ ማን አብሮት ገባ? ማን ቀረ? አደጋው ቀን ቢመጣ ልጅ ትምህርት ቤት ነው፣ ባል ሥራ ነው፣ እናት ሌላ ከተማ ናት። የሞተ ሰው ይለቀሳል። የጠፋ ሰው ግን አይለቀስም፣ አይተውምም። በየደቂቃው ይሞታል፣ በየደቂቃው ይነሳል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሩን ከፍቶ ሊሮጥ የሚታገለው ይህ ሰው ነው። "ተረጋጋ" ማለት አይረዳውም። ልጆቹ ያሉበት ትምህርት ቤት ሕንፃ ምን ያህል እንደሚከላከል ቢያውቅ፣ መምህራኑ ውስጥ እንደሚያቆዩአቸው አስቀድሞ ተነግሮት ቢሆን፣ ያ ይረዳዋል። የዚህ ጭንቀት መድኃኒት ከአደጋው በፊት ነው የሚቀመመው።

ሁለተኛው የበር ጣጣ ማንኳኳቱ ነው። በ1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስለ መጠለያ ከተናገሩ በኋላ አሜሪካ ውስጥ አንድ ክርክር ጦፈ። ጎረቤት መጥቶ "አስገባኝ" ቢልስ? ማክሂው የሚባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ሰው መጠለያውን በኃይል መከላከል ይችላል ብለው ጻፉ። ሌሎች የሃይማኖት አባቶች ክፉኛ ተቃወሟቸው። እኔን የሚያሳስበኝ የክርክሩ አሸናፊ ማን ነው የሚለው አይደለም። በሩን ያልከፈተው ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሳምንት ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ ነው። ከራሱ ጋር ነው የሚያሳልፈው። ያውም በጨለማ፣ ሥራ ፈትቶ።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ብቻ ልበል። አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም የተባሉ የልጆች ሥነ ልቦና ሊቃውንት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን ውስጥ ሕፃናትን ሲንከባከቡ ያስተዋሉት አለ። ብዙ ልጆች ቦምቡን የሚችሉት ይመስላሉ፤ ከእናታቸው መለየቱን ግን አይችሉትም። ልጅ ፍርሃትን የሚያነበው ከአዋቂ ፊት ላይ ነው። መጠለያ ውስጥ ያለ አዋቂ መጫወቻ ቢረሳ ብዙ አይጎዳም። ፊቱን ግን ይዞ መግባት አለበት።

መውጣት

በሩ የሚከፈትበት ቀን የደስታ ቀን ይመስለናል። እንዲያ አይደለም።

የብሪታንያ መንግሥት ከ1940 በፊት አንድ ፍርሃት ነበረው። ሰው ጥልቅ መጠለያ ከለመደ እዚያው ይቀራል፣ ሥራ አይወጣም ብሎ ሠጋ። የአእምሮ ሕመምተኛውም እጅግ ይበዛል ተብሎ ነበር። የተባለው ጎርፍ አልመጣም። በኅዳር 1940 በለንደን ሲቆጠር በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች የሚያድረው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እነሱም ጠዋት ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ሥራ ይሄዱ ነበር። እነዚያ ግን በየጠዋቱ ፀሐይ ያያሉ። ከተማው ማታ ምን እንደሆነ ራሳቸው ሄደው ያረጋግጣሉ። የጨረር መጠለያው ሰው ይህ ዕድል የለውም። ለቀናት ውጭውን በሐሳቡ ሲስለው ይከርማል። በሩ ሲከፈት የሚገጥመው ከሳለው የተሻለ ወይም የባሰ ነው፤ ልክ እንደሳለው ግን አይሆንም። ስለዚህ አንዳንዱ ተጋፍቶ ይወጣል፣ አንዳንዱ ጥግ ይዞ "ትንሽ እንቆይ" ይላል።

ሬዲዮ ካለ ይህን በጣም ያቀለዋል። ዜናው መጥፎ ቢሆንም እንኳ ውጭ የሚናገር ሰው አለ ማለት ነው።

መውጣቱም አንዴ የሚደረግ አይደለም። ጨረሩ ቀስ በቀስ እንደሚደክመው ሁሉ በሩም ቀስ በቀስ ነው የሚከፈተው። መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ፣ ግድ ለሚል ነገር ብቻ። ቀጥሎ ለግማሽ ሰዓት። ከዚያ ሌሊቱን ተመልሶ እያደሩ ቀኑን ውጭ። የመጀመሪያው ወጪ ማን ይሁን የሚለው ራሱ አንድ ምሽት ሙሉ ሊያከራክር ይችላል። ጀግና ሆኖ ባንዲራ ይዞ የሚወጣ እንዳይመስላችሁ። የሞላውን የሽንት ቤት በርሜል የሚደፋው ነው።